ሁለት መድኃኒት በአንድ መርፌ

ባሌ ሰው አያምንም። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ፊት ለፊቱም እለዋለሁ። ሽንኩርት ሲገዛ ሚዛኑን ሳይሆን የሻጩን ጣት ነው የሚያየው። ፋርማሲ ሄዶ ኪኒን ሲቀበል እዚያው መስኮቱ ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ከኋላው የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርም ጉዳዩ አይደለም። ራዲዮ ዛሬ ዝናብ የለም ካለ ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። ዝናብ አለ ካለም ይዞ ይወጣል፤ "አንዳንዴ ለማዘናጋት እውነቱን ይናገራሉ" ይላል። የሥራ ባልደረቦቹ አባ ጠርጥር ብለው ሰይመውታል። ስሙን የሰማሁ ዕለት ከልቤ ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ሲያናድደኝ በዚሁ እጠራዋለሁ። እሱ ግን አይከፋውም። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር" ብሎ ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

ሥራው አይጥ መጠበቅ ነው። ቀልዴን አይደለም። በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ለሃያ ስድስት ዓመት ነጫጭ የሙከራ አይጦችን ሲንከባከብ ኖሯል። በብረት መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ የፕላስቲክ ሳጥኖች አሉ። ከሥራቸው ያለውን ሰጋቱራ ይቀይራል፣ የውሃ ጡጦአቸውን ይሞላል፣ እያንዳንዷን በትንሽ ሚዛን እየመዘነ ይጽፋል። መርፌ የሚወጉ ከሆነ ደግሞ በጓንት ይዞ ሆዳቸውን ገልብጦ የሚያስወጋቸው እሱ ነው። ቤት ከመግባቱ በፊት ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ ያም ሆኖ ሸሚዙን ሳጥብ ሰጋቱራው ይሸተኛል።

ጠዋት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለ። የቁልፍ ዘለላውን ይይዝና ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ አንዴ ያንሿሿዋል። ጤነኛ አይጥ ድምፅ ስትሰማ ጆሮዋ ብልጭ ይላል፤ ዓይን ካልፈጠነ አያየውም። ብልጭ ያላለውን ሳጥን ለይቶ ይሄድና ምን እንደሆነች ያያል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ደህና አደራችሁ ማለቴ ነው ይላል። እኔን እንኳ እንዲህ አክብሮ ደህና አደርሽ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ሳሎናችን ውስጥ ናት። ልጅ አልሰጠንም፣ ስለዚህ ቤታችን የሁለት ሰውና የአንዲት መኪና ቤት ነው። ሥራዬን የምሠራው በጆሮዬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመኪናዬ መርፌ መደነዝ ስትጀምር ጨርቁ ሳይሳብ በድምጿ አውቃታለሁ። ዘይት ሲጠማትም ትነግረኛለች።

ሳል የጀመረኝ በክረምት መውጫ ላይ ነበር። ጉንፋን ነው አልኩ። ከዚያ ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና ስንት ጣት እንደሰፋኝ ማንም አይነግረኝም። ጤና ጣቢያ አክታዬን መርምረው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው አሉኝ። ሲስተሯ፣ ቆፍጠን ያለች፣ ለሰው ፊት የማትሰጥ ነርስ ናት፣ አስቀምጣ አስረዳችን። ከኪኒኑ ሌላ በየቀኑ የሚወጋ አንቲባዮቲክ አለ፤ ስድስት ወር ይፈጃል። ሳንባዬን ያድነዋል፤ ጆሮዬን ግን ሊነካው ይችላል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ጆሮዬ ይለካል። ባሌ የመርፌውን ስም ጠየቃት። ነገረችው። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም። ለአንድ የራስ ምታት ኪኒን አርባ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆ ሲያበቃ፣ ነገር እንዳለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ቤት ውስጥ ጉድ መታየት ጀመረ። ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ ቁልፍ ይንሿሿል። ዞር ስል ኪሱን የሚፈትሽ ይመስላል። ማንኪያ ይወድቅበታል፤ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ማንኪያ የጣለበት ቀን አልነበረም፣ አሁን በቀን ሦስቴ ይጥላል። ከመኝታ ቤት ሆኖ በሹክሹክታ "ሻይ ትፈልጊያለሽ?" ይለኛል። አዎ ስለው ሻይ የለም። ምን ነካህ ስለው ምንም ይለኛል። ደግሞ ከሥራ አምሽቶ መምጣት ጀመረ፤ ምርምሩን ከምትመራው ዶክተር ጋር ሥራ በዝቶብን ነው ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነውና፣ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ወንበር ላይ ጥሎ ሲወጣ ኪሱን ፈተሽኩ። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አገኘሁ። ቀን ተጽፎበታል፣ ከቀኑ አጠገብ ግራ፣ ቀኝ፣ ከሩቅ፣ ከቅርብ ይላል፣ ከዚያ የመደመር ምልክት። አንዱ ገጽ ላይ "ዛሬ ደስ ብሏት ነበር፤ ቶሎ ዞረች" ይላል። ደሜ ፈላ። ደብተሩን መኪናዬ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁት። ገና በሩን ሳይዘጋው፦

"ይቺ ቶሎ የዞረችው ማናት?" አልኩት።

ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ተቀመጠ። "አንቺ ነሽ" አለኝ።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። እኔ የምወጋው መርፌ የእሱ አይጦች የሚወጉት መርፌ ነው። እነሱ ክፍል ውስጥ ከዓመት በላይ የሚያጠኑት ይህንኑ ነው፤ አንቲባዮቲኩ ነፍስ ያድናል፣ ግን የውስጥ ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚይዙ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ፣ እነሱን ያቃጥላቸዋል። አንዴ ከተቃጠሉ ተመልሰው አይበቅሉም። መርፌውን ብቻ የተወጉት አይጦች በሦስተኛው ሳምንት ቁልፉን አፍንጫቸው ሥር ቢያንሿሿው እንኳ ምግባቸውን ይቆረጥማሉ እንጂ ጆሮአቸው አይንቀሳቀስም። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ብነግርሽ መርፌውን እምቢ ትያለሽ ብዬ ጠረጠርኩ አለኝ። ተናደድኩ። የሌላ ሴት ጉዳይ አለመሆኑን ሳውቅ ደግሞ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ኋላ ግን ሳስበው ሴት ብትሆን ይሻል ነበር፤ ሴት ከሆነች ሄጄ እጣላታለሁ፣ ከመርፌ ጋር እንዴት ይጣላሉ?

"ግን ዘበኛው አለ" አለኝ።

ዘበኛው እነሱ ለአንድ አዲስ መድኃኒት ያወጡለት ስም ነው። አይጦቹ በሦስት ረድፍ ተከፍለዋል። የመጀመሪያው ረድፍ ጨዋማ ውሃ ብቻ ይወጋል። ሁለተኛው አንቲባዮቲኩን ይወጋል። ሦስተኛው አንቲባዮቲኩንም ዘበኛውንም ይወጋል፤ ዘበኛው ጆሮ በር ላይ ቆሞ ጉዳቱን ይከላከላል ተብሎ ነው። ጠዋት ቁልፉን ሲያንሿሿ የሦስተኛው ረድፍ ጆሮ ልክ እንደ መጀመሪያው ብልጭ ይላል። ዶክተሯ አስተኝታ ጭንቅላታቸው ላይ ሽቦ እየለጠፈች የምትለካበት መሣሪያም ይህንኑ ይላል። ባሌ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ በርቶ ነበር። በትዳራችን ዘመን አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ አምኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ጆሮዬ ተለካ። በጣም ቀጫጭኖቹ ድምፆች ላይ ትንሽ ወርዷል ተባለ። ሲስተሯ በሚቀጥለው ወር ከዚህ ከባሰ መርፌውን እናቆማለን፣ ሌላ መድኃኒት እንቀይራለን አለች። የሚቀየረው ኪኒን ነው፤ ጊዜው ይረዝማል፣ ሆድ ያገለብጣል፣ ግን ጆሮ አይነካም። ባሌ ከጤና ጣቢያ ስንወጣ ክንዴን ይዞ አታስቢ አለኝ።

በማግስቱ ዶክተሯን ለሚስቴ ከዘበኛው ይስጡኝ ብሎ ለመናት። ዶክተሯ በዕድሜ ከእሱ በብዙ የምታንስ፣ ጋሼ ብላ የምታከብረው ሰው ናት። ጋሼ፣ በሰው አልተሞከረም፣ ለአይጥ የሆነ ሁሉ ለሰው አይሆንም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለችው። አባ ጠርጥር ይህን ሊቀበል ነው? ቤት መጥቶ ሳሎኑን ሲዞረው አመሸ። ለባለጠጋ ነው ያስቀመጠችው። ለውጭ ሰው ልትሸጠው ነው። ማቀዝቀዣው ለምንድን ነው ሰሞኑን የሚቆለፈው? ማቀዝቀዣው ላይ ቁልፍ ይደረግ ብሎ ያመለከተው እሱ ራሱ እንደነበር አስታወስኩት። "እሱ ሌላ ነው" አለኝ። ደግሞም መርፌ የሚወጋው ቴክኒሻን ዘበኛው እንደሚሠራ ምሎ ተገዝቶልኛል አለ። ይህ ቴክኒሻን እየሮጠ ስለሚሠራ አቶ ጥድፊያ ይሉታል፤ ሰዓቱ ሳይደርስ ጋውኑን አውልቆ በር ላይ የሚገኝ ሰው ነው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አልኩ በሆዴ።

በሳምንቱ ባሌ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ፣ በጓንት ጣት ውስጥ የተጠቀለለች ብልቃጥ አወጣ። ምንም ጽሑፍ የለባትም፤ ጽሑፉን ልጦታል። ይሄ ስርቆት ነው አልኩት። ለሚስቴ ነው አለኝ። መልሼ መሟገት ነበረብኝ፤ አልተሟገትኩም። ዓይኔ መኪናዬ ላይ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔም ነው።

ጠዋት ጤና ጣቢያ አብሮኝ መጣ። ሲስተሯ መርፌዬን ስታዘጋጅ ብልቃጧን አውጥቶ፣ ቪታሚን ነው፣ አቅም እንዲሆናት ሐኪም ያዘዘላት ነው፣ ሁለቴ እንዳትወጋ ከመርፌዋ ጋር ቀላቅለሽ ስጫት አላት። "መቀመጫዋ ላይ ደህና ቦታ አልቀረም" አለ። ይኼኛው ውሸት አልነበረም፤ በጎኔ ነበር የምቀመጠው። ሲስተሯ ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንስታ ገለባበጠቻት።

"ጽሑፍ የሌለው ነገር አልወጋም" አለች። "ጽሑፍ ቢኖረውም አልቀላቅልም። ሁለት መድኃኒት በአንድ ሲሪንጅ ውስጥ ከገባ አንዱ ሌላውን ሊገድለው ይችላል። በየቀኑ እየወጋኋት ሳላክማት ልኖር ነው? እንዲህ ያድርጉ ያለዎት ማነው?"

ባሌ እጁን ዘርግቶ ብልቃጧን ተቀበላት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እኔ መያዙን ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ተወግቼ ወጣን። አስፋልቱን ስናቋርጥ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። መኪና ጥሩምባውን ይነፋል፣ እሱ አይሰማም፤ መርፌውን የምወጋው እኔ፣ የደነቆረው እሱ። ጎትቼ ከዳር አወጣሁት። አንድ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጠ።

"እኔ ነኝ" አለኝ። "አይጦቹን እኔ ነኝ።"

ቀስ እያለ አወጣጣው። የሦስተኛው ረድፍ አይጦች በቀን ሁለት ጊዜ ነበር መወጋት ያለባቸው፤ አንዱ አንቲባዮቲኩ፣ አንዱ ዘበኛው። በሦስተኛው ቀን ሆዳቸው በልዞ፣ ገና ጓንቱን ሲያዩ መጮህ ጀመሩ። የሚይዛቸው እሱ ነው፤ አንጀቱን በሉት። አቶ ጥድፊያን፣ እባክህ ሁለቱንም በአንድ መርፌ አድርግላቸው ብሎ ለመነው። አቶ ጥድፊያ ደግሞ ደስታውን አልቻለም፤ ሥራው በግማሽ ቀነሰለት። ጠዋት ለረድፉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይቀላቅላል፣ ትሪ ላይ ደርድሮ ያስቀምጣል፣ ምሳውን በልቶ መጥቶ ይወጋል። ወረቀቱ ላይ ግን እንደ ድሮው ሁለት ምልክት ያደርጋል። ለዶክተሯ ማንም አልነገራትም። ምን ይነገራታል? ደግ ሥራ ነው ብለው ነው።

"ገባሽ?" አለኝ። "ዘበኛው ሌባ አልያዘም። ሌባው ከነጭራሹ አልመጣም።"

ገባኝ። አንቲባዮቲኩ እዚያው ሲሪንጅ ውስጥ ሞቶ ከሆነ የአይጦቹ ጆሮ የተረፈው በምን እንደሆነ ገባኝ። ሌላም ነገር ገባኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲስተሯ እሺ ብላ ቀላቅላ ሰጥታኝ ቢሆን ኖሮ፣ ጆሮዬ ደህና፣ ሳንባዬ ግን ሳይታከም፣ በየቀኑ እየተመላለስኩ እየተወጋሁ እሞት ነበር። ባሌም በየቀኑ ከኋላዬ ቁልፍ እያንሿሿ እንዴት ደስ ይለው ነበር።

የሽንኩርት ሻጩን፣ ፋርማሲስቱን፣ ራዲዮኑን፣ ዶክተሯን፣ ማቀዝቀዣውን ሁሉ ጠርጥሯል። የራሱን ርኅራኄ ግን አንድ ቀን አልጠረጠረም። ስለዚህ ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ አዝንለታለሁ።

ቤት ስንገባ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አልኩት። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ያልኩት እኔ ነኝ። ከተናገርክ ያባርሩሃል፣ አቶ ጥድፊያም ከሥራው ይነሳል፣ የዶክተሯ የዓመት ድካም ይፈርሳል፣ ለማን ብለህ ነው አልኩት። ብልቃጧን እጥላታለሁ፣ ያበቃል። ባሌ መኪናዬን ተደግፎ ቆሞ ሰማኝ።

"ወረቀቱ ይሠራል ብሎ ከወጣ" አለኝ፣ "ነገ የሌላዋ ባል እንደኔ ብልቃጥ ይዞ ወደ ሌላ ሲስተር ይሄዳል። ያቺኛዋ እሺ ብትለውስ?"

ኮቱን አቀበልኩት።

ሄዶ ለዶክተሯ ነገራት። ብልቃጧንም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ዶክተሯ አልጮኸችበትም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ከትሪው ላይ የጠዋቱን ቅልቅል አስመጣች። ጀርም የተዘራበት ጠፍጣፋ ሳህን ላይ በአንድ በኩል አንቲባዮቲኩን ብቻ፣ በሌላ በኩል ቅልቅሉን ጠብ አደረገች። በማግስቱ ጠርታ አሳየችው። አንቲባዮቲኩ ብቻ ያረፈበት ዙሪያውን ጀርሙን ገድሎ ጥርት ያለ ክብ ሠርቷል። ቅልቅሉ ባረፈበት ቦታ ጀርሙ ምንም እንዳልነካው ሞልቶ አድሯል። ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አብረው አዩት አለኝ። ከዚያ "ጋሼ፣ ለምን ገና መቀላቀል ሲጀመር አልነገሩኝም?" አለችው። እሱም ለአይጦቹ እንደማዝንላቸው ቢያውቁብኝ ከሥራው ያነሱኛል ብዬ ጠረጠርኩ አላት።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ አላባረሩትም። አቶ ጥድፊያን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩት፤ እስከ ዛሬ ባሌን ሰላም አይለውም። ለምኖኝ ባደረግሁት እኔው ተቀጣሁ ይላል፣ ግማሽ እውነት አለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ግን ማንም አልነገረውም መሰለኝ። ሥራው ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ አዳዲስ አይጦች፣ ሁለት መርፌ ለየብቻው፣ ዶክተሯ ራሷ እየወጋች። የሚይዛቸው ባሌ ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከሥራ መጥቶ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይቀመጥና ያያቸው ነበር። ምግብ አቀርብለታለሁ፣ ይነካካና ይተወዋል። ከኋላዬ ማንኪያ መጣሉንም ተወ። ይሄኛው ይበልጥ አስጨነቀኝ። እኔም በበኩሌ የማልነግረው ነገር ነበረኝ፦ የመኪናዬ መርፌ ደንዛ ጨርቅ እስክትስብ ድረስ ያላወቅሁባቸው ሁለት ቀናት ነበሩ።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ሐሙስ ቀን ቀደም ብሎ መጣ። ሦስተኛው ረድፍ ውስጥ ካሉት አሥራ ሁለት አይጦች የአራቱ ጆሮ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው አለኝ። ዶክተሯ አራት ባዶ አይደለም፣ ግን ጽፈነው የነበረው ይህን አልነበረም ብላለች። መጠኑን ቀይረን እንሞክራለን፣ ጊዜ ይፈልጋል ብላለች። ለዶክተሯ አራት ከአሥራ ሁለት ቁጥር ነው። ባሌ ግን አንዲት ሚስት ናት ያለችው።

በማግስቱ ሁለተኛው የጆሮ ልኬት ነበር። ጠባብ ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ ድምፅ እንዳያስገባ በወፍራም ነገር ተሸፍኗል። የጆሮ ባለሙያዋ፣ መነጽር ያደረገች ዝግተኛ ሴት፣ ከፊት ለፊቴ ከመሣሪያዋ ኋላ ተቀመጠች። የጆሮ ማዳመጫውን ጫነችልኝና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጣቴን እንዳነሳ ነገረችኝ። ባሌ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እንዲገባ አይፈቀድም ነበር፤ ተጨቃጭቆ ነው የገባው።

ወፍራሞቹን ድምፆች ሰማሁ። ጣቴን አነሳሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጠበቅሁ። አሁንም ጸጥ። ባሌን አየሁት፤ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ጣቴን ያያል፤ ሦስት ሳምንት ያልበላበት ፊት። በዚያች ሰዓት ነው የባለሙያዋ መነጽር ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ ስትል ያየሁት። መሣሪያው ድምፅ በላከ ቁጥር መብራት ይበራል፣ መብራቷ የመነጽሯ መስታወት ላይ ታርፋለች። ነጥቧ ስትመጣ ጣቴን አነሳሁ። የባሌ ትከሻ ወረድ አለ። ደግሜ አነሳሁ። ፈገግ ሊል ሲሞክር አየሁት።

የማደርገውን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ልኬቱ ደህና ከሆነ መርፌው አራት ወር ይቀጥላል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ያን ያህል ርቄ አላሰብኩም። አንድ ቀን እንኳ ደህና ወሬ ይዞ ወደ ቤት ይግባ ብዬ ነው። በአራተኛው ነጥብ ላይ ጣቴን እንዳነሳሁ ባሌ ዓይኔ የት እንደሚያርፍ አይቶ ተነሳ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ባለሙያዋ ግራ ገብቷት ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዬ ላይ አነሳችልኝ።

"ይቅርታ እህቴ" ይላታል፣ "ወንበሯን ወደ ግድግዳው ብናዞረው?"

"ምን ሆነሃል አንተ?" አልኩት። "እኔንም አታምነኝም?"

"አላምንሽም" አለኝ። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር።

ከነወንበሩ እሱ ራሱ አዞረኝ። ፊቴ ላይ ያ ወፍራም ግድግዳ ብቻ ቀረ። ማዳመጫው ተመልሶ ተጫነ። ጠበቅሁ። አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ፣ ጣቴን አነሳሁ። ሌላ መጣ፣ አነሳሁ። ከዚያ ምንም አልመጣም። ስንት ድምፅ እንደተላከልኝ አላውቅም። የግድግዳውን ስፌት ቆጠርኩ፣ ጣቴ ጭኔ ላይ ተጋድማ ቀረች። እኔም አለቀስኩ፤ ፊቴን የሚያይ ስለሌለ ደስ አለኝ።

መርፌው በዚያው ቀን ቆመ። ኪኒኑ ተቀየረ፤ ሆዴን ሲያገለብጠው ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፣ ግን ሳንባዬ ድኗል፣ አክታዬ ንጹህ ነው። የወፍ ድምፅ የለኝም። የስልክ ጥሪ የለኝም። የመኪናዬን መርፌ አሁን በጣቴ ጫፍ ነው የማዳምጣት፤ ቀስ ብዬ ለመድኩት። ሰው ሲያናግረኝ ግን እሰማለሁ፣ ፊቴን ባላዞርም። ሲስተሯ መርፌው ያን ቀን ባይቆም ይህም አይቀርልሽም ነበር ብላኛለች።

ትናንት ባሌ በር ላይ ከአትክልት ሻጩ ጋር ሲጨቃጨቅ ከሳሎን ሆኜ ሰማሁት፤ ሚዛኑ ልክ አይደለም እያለ ነበር። እስኪጨርስ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ያን ቀን አምኖኝ ቢሆን ኖሮ ድምፁን አልሰማም ነበር።